«ፍሬን ተው» ያሉን አለቃ

ጋሽ ታሲሳ ከኋላው ሚኒባሶች ጡሩምባ እየነፉበት መኪናውን አሶሳ አደባባይ መሀል አቆመና አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «ትርንጎ! አቶ አልጣሂር አረፉ!» አለኝ።

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። እሱ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅስ መስሎኝ ጠጋ ብል ይስቃል። እኔም አልቻልኩም። ሾፌሮች እየተሳደቡ፣ ትራፊኩ ፊሽካውን እየነፋ፣ ሁለት ሐዘንተኞች መንገድ ዘግተን ሳቅን።

«እንዴት ብዬ ነው ልቅሶ ቤት የምገባው?» አለ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ። «ያ ዋቃዮ! ገና ምንጣፉ ላይ ስቀመጥ ያ የቀርከሃው ነገር ትዝ ሊለኝ ነው። ከዚያማ በዘመዶቻቸው ፊት ጉድ ፈላ!»

«አብረን አንግባ። እኔ ስወጣ አንተ ትገባለህ፤» አልኩት።

«አንቺስ ብቻሽን ስትሆኚ አትስቂም?»

ቤቴ ገብቼ ወረቀትና እስክሪብቶ ያነሣሁትም ለዚሁ ነው፤ ሳቄን እዚህ ጨርሼ፣ እንደ ሰው አዝኜ ልቅሶ ልደርስ።

ያን ጊዜ ክልሉ አዲስ ነበር። ኃላፊው አዲስ፣ ማኅተሙ አዲስ፣ የመኪናው ታርጋ አዲስ፤ መኪናው ብቻ አሮጌ። ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ሲገኝ በማግስቱ ወንበር ይሰጠው ነበር። እኔ የወሎ ሰፋሪ ልጅ ነኝ። ግጥም እጽፋለሁ፤ እሱን ማንም አላስተማረኝም፤ ታይፕ ግን ተምሬ ስለነበር የጉድጓድ ውሃ በምትቆፍር አንዲት ትንሽ ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት ተቀጠርኩ። የጽሕፈት ቤቷ ኃላፊ አቶ አልጣሂር ነበሩ።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ቁጭ ሲሉ ጉልበታቸው ከጠረጴዛው በላይ የሚታይ የበርታ ሰው ናቸው። አንድ ነገር ደስ ሲላቸው አንዴ ብቻ ያጨበጭቡና ትንኝ የያዘ ሰው ይመስል መዳፋቸውን ከፍተው ያያሉ። ወጣትነታቸውን የጨረሱት ሱዳን፣ ኦምዱርማን ገበያ ውስጥ፣ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ጨርቅ ቤት ነበር። ሕንዳዊው ሱቁን ከመክፈቱ በፊት በየጠዋቱ ጥቅል ጨርቅ ላይ ይቀመጥና ከአገሩ የጥንት መጻሕፍት እያነበበ፣ ወደ ዓረብኛ እየመለሰ ለሠራተኞቹ ይነግራቸው ነበር አሉ፤ ንጉሥ አገሩን እንዴት እንደሚመራ፣ ጌታ ሎሌውን እንዴት እንደሚይዝ፣ ሰው ራሱን እንዴት እንደሚገራ። አቶ አልጣሂር ጨርቅ መለካትንና ሰው መምራትን ከአንድ ሰው ተማሩ። ያ ትምህርት ከሕንድ ወደ ዓረብኛ፣ ከዓረብኛ ወደ በርታ፣ ከበርታ ወደ አማርኛ ተጉዞ እኛ ጋ ሲደርስ ረጅም መንገድ የሄደ ሰው መልክ ነበረው። አቧራ ለብሷል፤ ግን ሕያው ነው።

የአቶ አልጣሂር አማርኛ ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛ፣ ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔም «አንተ ትርንጎ» ነበርኩ፣ ገንዘብ ያዣችንም «አንተ እመቤት»። ሁለተኛ፣ «ን» የምትባለዋን ፊደል ከልባቸው ይወዷታል። የስም ጭራ ባዩ ቁጥር ይለጥፏታል። «ሻይን መጣ? ፀሐይን ወጣ?» ይላሉ። ማንም አያርማቸውም። ምን ጉዳት አላት ብለን?

መጀመሪያ የተማርነው የበሩን ነገር ነው።

«ሂንዲዬ አለ፣» አሉን አንድ ጠዋት፤ ሕንዳዊውን የሚጠሩት እንደዚያ ነው፤ «ንጉሥን ሰውን በር ላይ አቆመ፣ ጠላትን ወለደ።» በነጋታው አናጢ አስጠርተው የቢሯቸውን በር አስነቀሉ። ባለጉዳይ ሰተት ብሎ ይገባ ጀመር። ፍየልም እንዲሁ። የሩብ ዓመት ሪፖርታችንን አንዲት ቀይ ፍየል ከእኔ ጠረጴዛ ላይ እስከ ማጠቃለያው በላችው። አቶ አልጣሂር ፍየሏን ትክ ብለው አዩና፣ «ይሄን ጉዳይን አልቋል፣» አሉ።

ቀጥሎ የንቡ መጣ። ለመስክ ሥራ ገጠር ስንወርድ ገበሬው ፍየል ማረዱ የተለመደ ነበር። እሳቸው ከለከሉ። «ንብን ሁን! ንብን አበባ ላይ መጣ፣ ትንሽን ጠጣ፣ ሄደ። አበባን አልሞተም።»

«ንብስ ቢያንስ ማር ይቀምሳል፣» አለ ሾፌራችን ጋሽ ታሲሳ። «እኛ የምንጠጣው ራሳችን የቆፈርነውን ውሃ ነው።»

ታሲሳ የወለጋ ሰው ነው፤ ጴንጤ፣ ተረበኛ፣ ድምፁ ለመዝሙርም ለጭቅጭቅም የሚሆን። ይህ የሕንድ ነገር መጀመሪያ ላይ አስግቶት ነበር። «አቶ አልጣሂር፣ እኔ የጌታ ነኝ፣ እርስዎ እስላም ነዎት። የሕንድ አማልክት ነገር ኃጢአት አይሆንብንም?» ብሎ ጠየቃቸው።

«አማልክትን አልወሰድኩም፣ ሂክማን ወሰድኩ። ሂክማ ማለት ጥበብ ነው፤ ፓስፖርትን የለውም። ሂንዲዬ ሻይን ሲያጠጣኝ ሃይማኖትን ጠየቀኝ?»

ታሲሳ በዚህ ተረታ። የሠረገላው ትምህርት ሲመጣማ ዋነኛው ደጋፊ ሆነ። ሰው ሠረገላ ነው፤ ስሜቶቹ ፈረሶች ናቸው፤ ልጓም ያስፈልጋቸዋል። አቶ አልጣሂር ይህንን ለቢሮ አዋሉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ሲገቡ ሰላምታቸው፣ «ፈረሶች፣ ደህና አደራችሁ?» ሆነ።

«እኔ ዲፕሎማ ይዤ ፈረስ?» አለች እመቤት።

«አንተ ጥሩን ፈረስ ነህ፣» አሏት ሊያጽናኗት።

«ነጂው ግን እኔ ነኝ፤ መንጃ ፈቃዱም እነሆ፣» እያለ ታሲሳ ይንጎራደዳል።

የሚያስቅ ይምሰል እንጂ ነገሩ ሠርቷል። በየቀኑ ተራ ገብቶ አንዱ ሠራተኛ «ልጓም» ይሆናል፤ ያን ቀን አለቃውንም ቢሆን «ይብቃ» ማለት ይችላል። የእመቤት ተራ በደረሰ ቀን አቶ አልጣሂር ስብሰባ ላይ አንድ የኦምዱርማን ነጋዴ ታሪክ ውስጥ ገብተው መውጫው ጠፍቷቸው ሳለ፣ «ይብቃ» አለቻቸው። አፋቸውን ከፍተው ዓረፍተ ነገሩን እመሀሉ ላይ ተዉት። እስከ ዛሬ ድረስ ያ ነጋዴ ግመሉን ይሽጠው አይሽጠው አናውቅም።

አሁን ወደ ፍሬው ልምጣ።

ከሕንዱ ትምህርት ሁሉ አቶ አልጣሂር አብልጠው የሚወዱት ይኼን ነበር፦ ሥራው የአንተ ነው፣ የሥራው ፍሬ ግን የአንተ አይደለም። ሹመት፣ ምስጋና፣ ውጤት፣ ሁሉም ፍሬ ነው፤ እሱን እያሰብክ አትሥራ። በእሳቸው አፍ እንዲህ ይወጣል፦ «ሥራን ሥራ፣ ፍሬን ተው።» ይህን ያስተማሩን ታሲሳ ባምባሲ ቧንቧ ሊያመጣ በሄደበት ሳምንት ነው። ታሲሳ አልሰማም። አቶ አልጣሂር ደግሞ አንድ ያልሰሙት ነገር ነበር። መኪና የተዋወቁት ሱዳን ነውና የማቆሚያ መርገጫውን የሚያውቁት በሱዳኖቹ ስም «ፈራሚል» ብለው ነው። እኛ እሱን «ፍሬን» እንደምንለው ማንም ነግሯቸው አያውቅም።

ታሲሳ ከባምባሲ የተመለሰ ዕለት እኔ ፖስታ ቤት ነበርኩ። ነገር ግን ከሁለቱም አፍ ደጋግሜ ስለሰማሁት እንደነበርኩበት አድርጌ እጽፈዋለሁ።

«አቶ አልጣሂር፣ ስለ ፍሬን ላነጋግርዎት ነበር፣» አለ ታሲሳ።

አቶ አልጣሂር አጨበጨቡ። በመጨረሻ የሚጠይቅ ደቀ መዝሙር ተገኘ! «ስለ ፍሬን? አልሐምዱሊላህ! ተቀመጥ!»

«መቀመጡስ ይቅር። ፍሬን አልቋል ልልዎት ነው።»

«ፍሬን አያልቅም። ሥራን ካለ ፍሬን አለ።»

«ኧረ የለም! ስረግጠው ባዶ ነው!»

«ለምን ትረግጣለህ?» አሉ ደንግጠው። «ፍሬን አይረገጥም! ተው!»

«ልተወው?»

«ተው። ሥራን ሥራ፣ ፍሬን ተው። ፍሬን የአንተ አይደለም።»

«የመንግሥት መሆኑንማ አውቃለሁ። ለዚህ እኮ ነው የምነግርዎት።»

«የመንግሥትም አይደለም! የፈጣሪ ነው። ፍሬን በእሱ እጅ ነው። አንተ መንዳትን ንዳ።»

ታሲሳ ወለጋ ውስጥ በብዙ ጉባኤ ተቀምጧል፤ እምነትን እንዲህ አፍ ሞልቶ የነገረው ግን አልነበረም። «አሜን፣» አለና ወጣ።

በማግስቱ በኩርሙክ መንገድ ላይ ወዳለች አንዲት መንደር የእጅ ፓምፕ ይዘን ሄድን። ዝናብ ከጀመረ መንገዱ ይዘጋል፤ ሰማዩም ከወዲሁ ጠቁሯል። እሳቸው ከፊት፣ እኔ የርክክቡን ሰነድ ታቅፌ ከኋላ ከቧንቧው ጋር። ሜዳው ላይ ሁሉም ሰላም ነበር። ቁልቁለቱ ሲጀምር ታሲሳ መዝሙር ጀመረ። መኪናው ፈጠነ። መዝሙሩም ፈጠነ። ቧንቧዎቹ በየተራ እየተነሡ ጭንቅላቴን ያንኳኩ ጀመር።

«ታሲሳ! ቀስን በል!» አሉ አቶ አልጣሂር። ታቂያ ቆባቸው በመስኮት በረረ።

«በምን?»

«በፈራሚል!»

«እሱ ደግሞ ምንድነው?»

«በእግር! በእግርህ ያዝ!»

«ፍሬን ተው ብለውኝ የለም እንዴ?»

«አዎ ተው! ፍሬን ተው! ግን መኪናን አቁም!»

«ወይ ይተውልኝ ወይ ይያዙልኝ!» ጮኸ ታሲሳ። መዝሙሩ ወደ ጸሎት፣ ጸሎቱ ወደ ኡኡታ ተለወጠ፤ እኔም ምን እንዳልኩ አላውቅም፣ ግጥም እንዳልነበረ ግን እርግጠኛ ነኝ። መታጠፊያው ላይ መኪናው መታጠፉን ትቶ ቀጥ ብሎ ቀርከሃ ጫካ ውስጥ ገባ። ቀርከሃ ልባም ዛፍ ነው። አይጋጭም፤ ጎንበስ ይላል፣ ያሳልፋል፣ ደግሞ ይይዛል። መብራቱ ረገፈ፣ አፍንጫው ተጨማደደ፣ እኛ ግን እንደ እንቁላል ሳንሰነጠቅ ቆምን። ቅጠል በላያችን ይዘንብ ጀመር።

«ፈራሚልን የለም?» አሉ አቶ አልጣሂር በቀስታ።

«የለም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ነገርኩዎት እኮ! ፍሬን አልቋል ስልዎት ፍሬን ተው፣ ፍሬን የፈጣሪ ነው አሉኝ!»

አቶ አልጣሂር ፊታቸው ላይ ምሥጢሩ እየተገለጠ ሲሄድ አየሁት፤ ከአገጫቸው ጀምሮ ወደ ግንባራቸው ነው የወጣው። «ፍሬ!» አሉ። «ፍሬ፣ ፍሬ! እንደ ማንጋ! እንደ ሎሚ!» ወደ እኔ በጣታቸው እየጠቆሙ፣ «እንደ ትርንጎ!»

ከዚያ በኋላ ለመናገር የቻለ የለም። ታሲሳ በበሩ ወርዶ መሬት ላይ ተንከባለለ። የመንደሩ ሰዎች ድምፅ ሰምተው ሬሳ ሊያወጡ ሲሮጡ መጥተው፣ ቅጠል ለብሰን ሆዳችንን ይዘን አገኙን። አብደዋል ብለው ትንሽ ራቅ ብለው ቆሙ። ኋላ ፓምፑንና ቧንቧውን ተሸክመው ከእኛ ጋር ወረዱ፤ ዝናቡ ሳይቀድመን ተተከለ፤ ውሃው ወጣ።

ሳቁ አሶሳ ላይ ቆመ። ያኔ ግምገማ የሚባል ነገር ነበር፤ ሠራተኛው ተሰብስቦ አለቃውንም ምንዝሩንም እያስነሣ ጥፋቱን የሚዘረዝርበት። የመንግሥት መኪና መሰበሩ ተሰምቶ ከክልል ሰብሳቢ ተላከልን። ወሬው ግልጽ ነበር፦ ወይ ሾፌሩ ይባረራል፣ ወይ ኃላፊው ይነሣል። ታሲሳ ልጆቹ ብዙ ናቸው፣ መንጃ ፈቃዱ እንጀራው ነው። ቀልዱ ጠፋ፤ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በሣ። አቶ አልጣሂር አንዲት ነገር ብቻ ቢናገሩ ነፃ እንደሚወጡ ሁላችንም እናውቅ ነበር፦ «ተሳስቶ ሰማኝ» ቢሉ በቂ ነው። ውሸትም አይደለም።

ወንበራቸውን አይወዱትም ነበር ብዬ አልጽፍም፤ ይወዱታል። ማኅተሙን ከመምታታቸው በፊት እፍ ይሉበታል፣ ከመቱ በኋላ ራቅ አድርገው ያዩታል። በግምገማው ጠዋት ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመው፣ «ትርንጎ፣ ሂንዲዬ ይህን ሲያስተምር ቀላል ነበር፣» አሉኝ። «እኔ ጨርቅን ተሸካሚ ነበርኩ። አሁን ወንበርን ቀመስኩ። ይጣፍጣል፣ አንተ!»

ሰብሳቢዋ ድምፃቸው የማይነቃነቅ፣ ነጠላቸው የማይዛነፍ ወይዘሮ ነበሩ።

«ሾፌሩ ፍሬን እንደሌለው ነግሮዎት ነበር?»

«ነገረኝ።»

«ምን መመሪያ ሰጡት?»

«ሥራን ሥራ፣ ፍሬን ተው አልኩ።»

አዳራሹ ተንጫጫ።

«ይህ የማን መመሪያ ነው?»

«የሂንዲ።»

ከኋላ አንዱ ተነሥቶ፣ «ክብርት ሰብሳቢ፣ ስህተቱ የሰዋስው ነው! 'ፍሬውን ተው' መባል ነበረበት!» አለ። ሌላው፣ «'ፍሬን' ቢባልም ያስኬዳል፤ ተሳቢ ነው!» አለ። ከሌላ መሥሪያ ቤት የመጣ ሾፌር፣ «ምን ተሳቢ ታወራለህ? ተሳቢ ከከባድ መኪና ኋላ የሚቀጠለው ነው! ፍሬን ደግሞ የሚረገጠው!» ብሎ ጮኸ። ግምገማው የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ሆነና አረፈው።

«ጸጥታ!» አሉ ሰብሳቢዋ። «ጸሐፊዋ፣ አንቺ ግጥም ትጽፊያለሽ ይላሉ። እስኪ ተነሺ፤ 'ፍሬን ተው' ማለት ምን ማለት ነው?»

ተነሥቼ፣ «ሁለቱንም ነው፣» አልኩ። «ኅብረ ቃል አለው።»

«በኅብረ ቃል ነው መኪና የምታሽከረክሩት?» አሉና የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ባየን ጊዜ አዳራሹ ፈረሰ።

አንድ ሰው ብቻ አልሳቀም፤ ታሲሳ ጫማውን እያየ ነው። ሰብሳቢዋ ይህንን አዩ መሰለኝ፣ ዓይናቸውን ጠርገው ወደ መጀመሪያው ድምፃቸው ተመለሱ። «አቶ አልጣሂር፣ በአጭሩ ይመልሱልኝ። ሾፌሩ ተሳስቶ ሰማ፣ ወይስ እርስዎ ተሳስተው ተናገሩ?»

አዲሱን ታቂያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። በመስኮቱ በኩል ወደ ቢሯቸው፣ በር ወደሌለው ክፍል ተመለከቱ።

«የታሲሳ ጆሮን ጤነኛ ነው። የሰማው ያልኩትን ነው። ምላስን የእኔ ነው፣ ጥፋትን የእኔ ነው። አንተ ሰብሳቢ፣ ጻፍ።»

«አንተ» የተባሉት ወይዘሮ ጻፉ። ታሲሳ በማስጠንቀቂያ ታለፈ። አቶ አልጣሂር ሌላ ምደባ እስኪሰጣቸው ድረስ ከኃላፊነት እንዲነሡ ተወሰነ። ማኅተሙን ከኪሳቸው አወጡ፣ እፍ አሉበት፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ታሲሳ በዚያ ትልቅ ድምፁ እያለቀሰ ከአዳራሹ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ ስገባ ደጃፉ ላይ ሰልፍ አየሁ። ሰልፉ ወደ ቢሮው አይገባም፤ አጥሩ ሥር ወዳለው አግዳሚ ነው የሚሄደው። አግዳሚው ላይ አቶ አልጣሂር፣ ጉልበታቸው ከፍ ብሎ፣ ተቀምጠዋል። አንዱን በበርታ ያነጋግራሉ፣ ሌላውን ወደ እመቤት ይልካሉ፣ ለሦስተኛው የፓምፕ እጀታ እንዴት እንደሚፈታ በአየር ላይ ያሳያሉ። እኔን ሲያዩ፣ «ፈረስ፣ ደህና አደርክ?» አሉኝ።

አዲሱ ኃላፊ ከመተከል የመጣ፣ ከኮሌጅ ከወጣ ቅርብ ጊዜ የሆነው፣ ትሑት ወጣት ነበር። ደብተሩን ታቅፎ መጣና ሰልፉን አየ፣ አግዳሚውን አየ፣ እኔን አየ። እኔ ሰማይ አየሁ። ጠጋ ብሎ ጎንበስ አለ።

«አቶ አልጣሂር… ይቅርታ ያድርጉልኝና… እርስዎ እኮ ትናንት ተነሥተዋል።»

አቶ አልጣሂር ራሳቸውን ከእግራቸው እስከ ጉልበታቸው ተመለከቱ። ይህንን አውቀው ይሁን ሳያውቁ የተናገሩት፣ ታሲሳና እኔ ስንከራከርበት ኖረናል።

«የለም፣» አሉ፤ «ተቀምጫለሁ።»

ወጣቱ ሳቁን ሊይዝ ሞከረ፣ ጉንጩ ተነፋ፣ አልሆነለትም። አቶ አልጣሂር ፈቀቅ ብለው አግዳሚውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። ሱሪውን ጉልበቱ ላይ ሳብ አደረገና አጠገባቸው ቁጭ አለ።

ተራዋ ደርሶ ጉዳይዋን አጋምሳ የነበረችው ሴትዮ ከሌሊት ጀምሮ በእግሯ የመጣች ናትና ሳቁ አልተጋባባትም። ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸው።

«እንግዲህ ሁለት ሆናችሁ፣» አለች፤ «ከመጀመሪያው ልጀምር?»